በዕድሜ እጥፌ የሚሆኑትን ሰው እንዴት ልዘዝ?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ከወላጆቼ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ የመጣሁት በ10 ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ከዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ተመርቄ የአሜሪካ ምድር ጦር ምክትል መቶ አለቃ ሆንኩ። የመኮንኖች መሠረታዊ ኮርሴን ጨርሼ ካንሳስ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ ሠላሳ አምስት ወታደሮች ያሉበት፣ ብራድሌይ በሚባለው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ የሚዋጋ ፕላቱን ተሰጥቶኛል።

የፕላቱኑ ሳጅን 19 ዓመት አገልግለዋል፤ ሁለት ጊዜ አፍጋኒስታን ዘምተዋል፤ በዕድሜ እጥፌ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን እኔ ትእዛዝ ስሰጥ ወታደሮቹ መጀመሪያ የሚያዩት የእሳቸውን ፊት ነው። ወደ ቢሮ ሲገቡ ደግሞ ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፤ ያደግኩት እንደዚያ ነው። ወታደሮቹ ይህን አይተው ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ።

በፕላቱኔ ውስጥ አንድ የአገሬ ልጅም አለ። 29 ዓመቱ ነው፤ በዲቪ የመጣ፣ ከኢትዮጵያ በምህንድስና የተመረቀ፣ አሁን ተራ ወታደር ነው። ብቻችንን ስንሆን በስሜ ይጠራኛል። ባለፈው ሳምንት 800 ዶላር እንዳበድረው ጠየቀኝ፤ ከሌሎች ሐበሾች ጋር የጀመሩት ዕቁብ ውስጥ እንድገባም ይወተውተኛል። እምቢ ብለው ሹመቱ አናቱ ላይ ወጣ እንዳልባል ፈራሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የፕላቱኑን ንብረት ፈርሜ እረከባለሁ፤ የሚለቀው መኮንን ግማሽ ቀን ይበቃል ይለኛል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ መኮንን ሆነ ሲባል ገንዘብ የሞላኝ መስሏቸዋል። እናቴ ደግሞ ለፋሲካ መጥታ ፕላቱኑን በሙሉ ዶሮ ወጥ ላብላ እያለች ነው። ከየቱ ልጀምር?

ግራ የገባኝ፣ ከካንሳስ»

ልጄ፣ ከርክክቡ ጀምር። ከጥያቄዎችህ ሁሉ ቀን የተቆረጠለት እሱ ብቻ ነው።

ግማሽ ቀን አይበቃም። አራት ብራድሌይ፣ የሠላሳ አምስት ሰው መሣሪያ፣ የሌሊት መነጽር፣ ራዲዮ፣ የመፍቻ ሣጥን፣ ይህ ሁሉ ሲደመር በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ነው፤ ከፈረምክበት ሰዓት ጀምሮ ደግሞ የሚጠራው ያንተ ስም ነው። የሚለቀው መኮንን የሚቸኩለው ወደ አዲሱ ምድቡ ለመሄድ ነው፤ ጥድፊያው የእሱ እንጂ ያንተ አይደለም። መለያ ቁጥር ያለውን ዕቃ ሁሉ ቁጥሩን በዓይንህ አንብብ፤ ሌላ ሰው እየጮኸ ሲያነብልህ አንተ ወረቀቱ ላይ ምልክት አታድርግ። «እሱ ጥገና ገብቷል» ሲሉህ የጥገናውን ወረቀት፣ «ለሌላ ፕላቱን አውሰነዋል» ሲሉህ የተዋሰው ሰው የፈረመበትን ጠይቅ። ትልቁ ዕቃ አይጠፋም፤ ብራድሌይን በኪሱ ይዞ የሚወጣ የለም። የሚጎድለው ከትልቁ ጋር አብሮ የሚቆጠረው ትንንሹ ነው፤ መፍቻው፣ መጎተቻ ገመዱ፣ የእሳት ማጥፊያው፣ የመነጽሩ ማሰሪያ። ጉድለት ሲገኝ ምርመራ ይከፈታል፤ በቸልተኝነት የጠፋ ነው ከተባለ ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ወር መነሻ ደመወዝህ ድረስ ትከፍላለህ።

አባትህ አገር ቤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው ከሆነ ስለ ንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞቹ፣ ስለ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ጠይቃቸው። ሳይቆጥር ፈርሞ የተረከበ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ምን እንደሚደርስበት ከእኔ የተሻለ ይተርኩልሃል። ዛሬውኑ ወደ ሻምበሉ አዛዥ ሄደህ ሙሉ ሁለት ቀን እንደሚያስፈልግህ ንገራቸው። ንብረቴን ልቁጠር ያለ መኮንንን የሚጠላ አዛዥ እምብዛም አይገኝም። ቆጠራው ላይ ሳጅኑና የጓድ መሪዎቹ አብረውህ ይቁሙ።

ይህን ያስቀደምኩት ቀኑ ስለደረሰ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሳጅኑ የጠየቅከኝም መልሱ እዚያው ወረቀት ላይ ስላለ ነው። የትኛው ራዲዮ የቱ ተሽከርካሪ ላይ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ወታደር ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው የጓድ መሪ ሲደክመው ቁጥር እንደሚዘልል የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የምትፈርመው ግን አንተ ነህ። ደብዳቤህን ሳነብ ማዘዝ ማለት አብልጦ ማወቅ መስሎህ አየሁ። ሠራዊቱ የ23 ዓመት ልጅ ከ19 ዓመት ነባር የበለጠ ያውቃል ብሎ አያምንም፤ ቢያምንማ ኖሮ ሳጅኑን ከጎንህ ባላቆማቸው። ከአንተ የሚፈልገው ነገር ሲበላሽ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» የሚል ሰው ነው። እሳቸው እንዲህ ማለት አይጠበቅባቸውም፤ አንተ ይጠበቅብሃል። ማዕረጋችሁን የሚለየው ይኸው ነው፣ ዕድሜ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለዚህ ወታደሮቹ የሳጅኑን ፊት ማየታቸው አያስቆጣህ። አንተን የሚያውቁህ ሦስት ሳምንት ነው። ፕላቱን መምራት ለአንድ ምክትል መቶ አለቃ የአንድ ዓመት ወይም የአንድ ዓመት ተኩል ሥራ መሆኑን፣ ከዚያ ተዛውረህ ሌላ እንደሚመጣ ካንተ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ትእዛዝ ከሰጠህ በኋላ አንተስ የማንን ፊት ታያለህ? አንተም ከወታደሮቹ ጋር አብረህ ወደ ሳጅኑ የምትዞር ከሆነ ያን ጊዜ ፕላቱኑ አዛዥ የለውም፤ ሳጅኑም የማይገባቸውን ሸክም ተሸክመዋል።

ይህ ጣጣ በአሜሪካ አልተጀመረም። የሐረር ጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ሲከፈት አሠልጣኞቹ ከህንድ ጦር የመጡ መኮንኖች ነበሩ፤ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነበር። ጥፍራቸው የተቆረጠ፣ ጫማቸው እንደ መስታወት የሚያበራ ወጣቶች ተመርቀው ወደ ክፍላቸው ሲደርሱ ከሚጠብቋቸው የበታች ሹማምንት መካከል ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ነበሩባቸው። ቃኘው ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ ላይ የተዋጋው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ነው፤ ዛሬ አንተ የለበስከውን ዩኒፎርም ቀድመውህ የለበሱትን እነሱ ያውቋቸዋል ማለት ነው። ከእነዚህ ሰዎች ፊት ቆሞ «በስተቀኝ ዙር» ማለት ለሐረሩ ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ አስበው።

እኔም በጊዜዬ አንድ ኮከብ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከእንዲህ ያሉ ሃምሳ አለቃ ጋር ሠርቻለሁ። ማታ ድንኳኔ ድረስ መጥተው «ጌታዬ፣ ነገ በምንሄድበት መንገድ ላይ ያለው ጉድጓድ ከደረቀ ሰንብቷል» ይሉኛል። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ውሃ እንዲጫን የማዘው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ትእዛዙን እንደማንኛውም ሰው አዲስ ነገር የሰሙ መስለው ይቀበላሉ። ሁለታችንም ይህን ጨዋታ ተነጋግረንበት አናውቅም። አንተ ግን ተነጋገርበት፤ አሜሪካኖች ግልጽነት ይወዳሉ። በዚህ ሳምንት ሳጅኑን ቢሮ አስገብተህ በሩን ዝጋና ጠይቃቸው፦ ከዚህ በፊት አብረዋቸው ከሠሩ ወጣት መኮንኖች ምን ደስ አላቸው? ምን አስመረራቸው? ፕላቱኑ በዚህ ዓመት ከምን ላይ እንዲደርስ ይፈልጋሉ? ከዚያ አንተ የምትፈልገውን ንገራቸው፦ «ካልተስማሙ እዚህ ውስጥ እስኪበቃዎት ይከራከሩኝ፤ ከበሩ ስንወጣ ግን አንድ ነን።» እየተመካከሩ መሥራቱ ሳይሆን ወታደር ፊት መጨቃጨቁ ነው ሁለታችሁንም የሚያዋርደው።

ከወንበር መነሳቱን በተመለከተ ብዙ አትሸማቀቅ። ወላጆችህ ያስተማሩህን ዩኒፎርም አያወልቀውም። ግን ሳጅኑን አስብላቸው። ደንቡ የሚለው የበታቹ ለመኮንኑ እንዲነሳ ነው፤ መኮንኑ ብድግ ሲል የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው፤ የወታደሮቹም ሳቅ በአንተ ብቻ አይምሰልህ። ሲገቡ ወንበር አሳያቸው፤ ተቀመጡ በላቸው፤ ቡና ካለህ ቅዳላቸው። ይህ ማንንም አያስቅም።

እውነተኛ አክብሮትህን የምታሳይበት ቦታ ሌላ ነው፤ ወጣት መኮንኖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያበላሹት እሱን ነው። የሳጅኑን ዓመታዊ የሥራ ግምገማ የምትጽፈው አንተ ነህ፤ የሻምበሉ አዛዥ ከአንተ በላይ ሆነው የራሳቸውን ይጨምሩበታል። እሳቸው ወደሚቀጥለው ማዕረግ ሊያድጉ ሲወዳደሩ የዕድገት ቦርዱ ፊታቸውን አያይም፣ ድምፃቸውን አይሰማም፤ የሚያየው መዝገባቸውን ነው፤ አንተ የጻፍከው ጥቂት መስመርም እዚያ ውስጥ ነው። «ጥሩ መሪ ናቸው» ብለህ ብትጽፍ ምንም አልጻፍክም። ስንት ተኳሽ ብቁ እንዳደረጉ፣ ተሽከርካሪዎቹ ከመቶ ስንት ዝግጁ እንደነበሩ፣ ስንት ወታደር ወደ ማዕረግ ኮርስ እንደላኩ በቁጥር ጻፍ። ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻ ያዝ፤ የራሳቸውን ዝርዝር አስቀድመው እንዲሰጡህ ጠይቅ፤ ቀኑ ሳያልፍ አስረክብ። የ19 ዓመት አገልግሎት ያለውን ሰው በሰነፍ ወረቀት ማስቀረት፣ ከወንበር አለመነሳት ጋር የሚወዳደር ነውር አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ወታደራዊ ሰላምታ ለሰጠህ የበታች ሹም በልማዱ መሠረት የብር ዶላር ሰጥተህ ይሆናል። ግምገማው ከዚያ ዶላር እጅግ ይበልጣል።

ዕድሜም ሆነ ልምድ የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ። ሳጅኑ ያልተቆጠረውን ተቆጠረ፣ ያልተጠገነውን ተጠገነ ብለው እንድትፈርም ከፈለጉ፣ ወይም አንድ ወታደር ሲዋረድ አይተው እንዳላዩ ካለፉ እንደ ታላቅ ወንድም ማስታመም የለም። ከዌስት ፖይንት የክብር ደንብ ውስጥ አልዋሽም፣ አላጭበረብርም፣ አልሰርቅም የሚለውን ሁሉም ያስታውሳል፤ ይህን የሚያደርገውን አልታገስም የሚለው ነው የሚረሳው። ከጻፍክልኝ ስገምት ሰውዬው እንዲህ ያሉ አይመስሉኝም።

አሁን ስለ ምግብ ላንሳ፤ አልጠየቅከኝም፣ ግን በእኛ ቤት የሚቀድመው ታላቅ ስለሆነ ሳይታወቅህ ልትስት ትችላለህ። በሜዳ ልምምድ ላይ ምግብ ሲቀርብ የሚቀድመው ተራው ወታደር ነው፤ መኮንኑ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል፤ ካልተረፈ ሳይበላ ያድራል። ይህን እንደ ትንሽ ወግ አትየው። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ የነበረው ጦር ያመፀው በምግቡ መጥፎነትና በውሃ ነው፤ የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዳ አልፈቀዱም። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸው የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ እዚያው ተይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረጉ። ከስምንት ወር በኋላ ዘውዱ ወደቀ። አንድ ጉድጓድ መንግሥት ገለበጠ አልልህም፤ ምክንያቱ ብዙ ነበር። ግን በዚያ ዓመት ከየጦር ሰፈሩ የወጣው ቁጣ ከየት እንደጀመረ የእኛ ትውልድ አይረሳውም።

ወደ አገርህ ልጅ ልምጣ። ብድሩም ዕቁቡም አይሆንም። ይህን የምልህ ለጥንቃቄ አይደለም፤ የምድር ጦሩ ደንብ በመኮንንና በተራ ወታደር መካከል ገንዘብ መበዳደርን፣ የቆየ የገንዘብ ሽርክናን፣ ቁማርንና የፍቅር ግንኙነትን ይከለክላል። ዕቁብ እኛ ዘንድ መተማመኛ ነው፤ ለአሜሪካዊው መርማሪ ግን አዛዡና ወታደሩ በየወሩ ገንዘብ የሚቀባበሉበት ነገር ነው፤ ያን ለማስረዳት የምታጠፋው ጊዜ ከዕጣው ይበልጣል። ሌላም አለ፤ ሠላሳ አራቱ ወታደሮች ሁለታችሁ በማይሰሙት ቋንቋ ስትሳሳቁ ያያሉ። ጥበቃ ሲመደብ፣ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ሁሉም ያንን ሳቅ ያስታውሳል። በሥራ ሰዓት በእንግሊዝኛ፣ በማዕረግና በአባት ስም ተጠራሩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብትገናኙ ማንም አይከለክላችሁም፤ በየሳምንቱ እቤቱ ቡና መጠጣት ግን ይቅር።

እንዴት ትንገረው? ደንብ አትጥቀስበት፤ ይቀየምሃል። ለብቻ ጠርተህ በአማርኛ ንገረው፦ «ወንድሜ፣ እኔ ባበድርህ አንተን ነው የምጎዳው፤ ነገ ስታድግ በእኔ ነው ያደገው ይሉሃል።» ከዚያ ባዶ እጁን አትሸኘው። ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቸገረ ወታደርን ያለ ወለድ የሚያበድር የሠራዊቱ የዕርዳታ ድርጅት አለ፤ ጦር ሰፈራችሁ ውስጥ ቢሮው ይገኛል፤ ለመኪና ጥገና፣ ለቤት ኪራይ፣ ለቤተሰብ ሐዘን ጉዞ ይሰጣል። መንገዱን አሳየው። 800 ዶላሩ ለምን እንዳስፈለገውም ጠይቅ፤ ምናልባት አገር ቤት የታመመ አለበት፤ ይህን ማወቅ የአዛዥነት ሥራህ ነው።

የሚበልጠውን ደግሞ እነሆ። ይህ ሰው በምህንድስና የተመረቀ ነው። ዜግነቱን ገና ካልወሰደ በውትድርና አገልግሎቱ ማመልከት ይችላል፤ ለወታደር የማመልከቻ ክፍያ የለም፤ የአገልግሎት ማረጋገጫውን ክፍላችሁ ይሞላለታል። ዜግነቱን ካገኘ፣ የኢትዮጵያ ዲግሪውን እዚህ ካስገመገመ በኋላ ጆርጂያ ለሚገኘው የ12 ሳምንት የዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት መወዳደር ይችላል። የዕድሜ ገደብ ስላለው ግን ጊዜ የለውም፤ ጉዳዩን አሁኑኑ ይጀምር። ከአንተ ጋር ተማክሮ ገብቶ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ሲመለስ ያኔ ዕቁብ ግቡ።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልሁን። መነሻ ደመወዝህ ታክስ ሳይቆረጥ በወር ከ4000 ዶላር ብዙም አይርቅም፤ የቤት አበሉ ለብቻው ነው። ብዙ ካዴቶች ከመመረቃቸው በፊት የሚወስዱትን ብድር ወስደህ መኪና ገዝተህበት ከሆነ እሱም ከዚሁ ይቆረጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ያደገ ዘመድ ይህን ሒሳብ አይሰማህም፤ አታስረዳው። በወር የምትልከውን ቁርጥ አድርገህ ወስን፤ ለእናትህ ስጣት፤ ለማን እንደሚደርስ እሷ ትወቅ። ከዚያ በላይ ለጠየቀህ ሁሉ መልስህ «እናቴን ጠይቋት» ይሁን፤ ሴትዮዋ ከአንተ የበለጠ እምቢ ማለት ታውቃለች ብዬ እገምታለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ ከመነሻ ደመወዝህ 5 ከመቶውን ለጡረታ ቁጠባው አስቆርጥ፤ መንግሥት አገልግሎት ከጀመርክ ከ60 ቀን በኋላ 1 ከመቶ ይጨምርልሃል፤ ሁለት ዓመት ስትሞላ የአንተን ያህል 5 ከመቶ ይከፍላል። እስከ 500,000 ዶላር የሚደርሰው የሕይወት መድኅንህ ወረቀት ላይ ወራሽ ብለህ የጻፍከው ማንን እንደሆነም አንድ ጊዜ ተመልከተው። ለመሙላት ደስ የማይል ቅጽ ስለሆነ ወጣቶች በችኮላ ያልፉታል።

ለአምስት ዓመት ፈርመሃል። ከአሁኑ ከአካዳሚ ጓደኞችህ ጋር መደወል አታቋርጥ፤ ሳጅኑ የማይሰሙልህ፣ እናትህ የማይገባት ነገር ይኖርሃል።

ዶሮ ወጡን በተመለከተ፣ እናትህን አታስቀይማት፤ ትምጣ። መጀመሪያ ግን የሥልጠና መርሐ ግብሩን ተመልከት፤ በፋሲካችሁ ሰሞን ሜዳ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ለሻምበሉ አዛዥ አስቀድመህ አሳውቅ። ሳጅኑን ከነባለቤታቸው፣ ወታደሮቹን ከነቤተሰባቸው፣ ሁሉንም በአንድነት ጥራ፤ መርጠህ የምትጠራ ከሆነ ይቅር። መምጣት ግዴታ እንዳልሆነ ንገራቸው፤ ከማንም ሳንቲም አትሰብስብ፤ ጠጅ ካለ ማን እንደሚነዳ አስቀድመህ ወስን። በርበሬውን ለግማሹ ድስት ቀነስ እንድታደርግ አስጠንቅቃት፤ ሥጋ ለማይበሉ ምስር ወጥ ይኑር። ለሠላሳ አምስት ሰው ስንት ዶሮ እንደሚበቃ እሷ ታውቃለች፤ እንጀራውን ግን ከቨርጂኒያ በሻንጣ ላምጣ ስትልህ አትስማማ፤ ካንሳስ ሲቲ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ከሳምንት በፊት እዘዝ።